የአሥራ ሁለቱ አባወራዎች መዝገብ

መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ነው። ቄሱ ማንም እንዳይነካው ስላስጠነቀቁ፣ ኢንስፔክተሯ ከከተማ እስክትደርስ ድረስ አራት ሰዎች በቤተ ክርስቲያኑ ጠባብ ዕቃ ቤት ውስጥ ሬሳ የሚጠብቁ ይመስል ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል።

ኢንስፔክተሯ ሰላምታ ሰጥታ፣ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። መዝገቡ በቆዳ የተጠረዘ፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት የጠቆረ ወፍራም ደብተር ነው። በግራ በኩል ያለው ገጽ በደህና አለ። በቀኝ በኩል መኖር የነበረበት ወረቀት ግን የለም፤ ከስፌቱ አጠገብ የጥፍር ያህል ስፋት ያላት ቁራጭ ብቻ ቀርታለች። አልተቀደደም። በስለት፣ ከላይ እስከ ታች፣ ቀጥ ተደርጎ ተቆርጧል። ቁራጯ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ሰም ተጣብቃለች።

«መጀመሪያ ያየው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች አንዲት ጠይም፣ አጭር ሴት። ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት፤ የቤተሰቧን ዘር ልትፈልግ ከሩቅ ከተማ ከመጣች አራተኛ ቀኗ ነው። «ትላንት ያቆምኩበት ላይ ምልክት አድርጌ ዘጋሁት። ዛሬ ጠዋት ልቀጥል ስከፍተው ይህን አየሁ።»

«ወረቀቱ ላይ ምን ነበር?»

«እሱን እኮ ነው ዛሬ ላነበው የነበረው።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ሌሎቹ ዞረች። ቄሱ ከመጡ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ጽሑፉ የደበዘዘ ስለሆነ መዝገቡን ገልጠውት እንደማያውቁ ሳይሸሽጉ ተናገሩ። የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ሊቀ መንበር የሆነው ባለወፍጮ ክንዶቹን አጣጥፎ፣ «ምን ማንበብ ያስፈልጋል? ከአባቶቻችን የሰማነው አለ» አለ። አራተኛው ሰው ቁልፍ ያዡ ሽማግሌ ናቸው። መንደሩ «አባ ቁልፉ» ይላቸዋል፤ በእውነተኛ ስማቸው በየቀኑ የምትጠራቸው ሚስታቸው ብቻ ነበረች፣ እሷም ከሞተች ስምንት ወሯ ነው። ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ለአንድ ወረቀት ፖሊስ ለምን እንደተጠራ ላስረዳሽ፣ ልጄ» አሉ ቄሱ። «በሚመጣው ወር ቤተ ክርስቲያኑ መቶ ዓመት ይሞላዋል። በሩ ላይ የመሥራቾቹ ስም በድንጋይ ይቀረጻል። ጣጣው ግን ድንጋዩ አይደለም፣ ቅጥሩ ነው። እዚህ ቅጥር ውስጥ የሚቀበረው የመሥራቾቹ ዘር ብቻ ነው፤ ሌላው ከመንገዱ ማዶ ነው። አሁን ግቢው ሞልቷል። ኮሚቴው መዝገቡ ይታይና ከመሥራቾቹ ወገን ያልሆነ ሬሳ ተነሥቶ ወደ ማዶ ይሂድ ብሎ ወስኗል።»

«ያቀረብኩት እኔ ነኝ» አለ ባለወፍጮው። «ሥርዓት ሥርዓት ነው።»

ኢንስፔክተሯ በመስኮቱ ወደ ግቢው አየች። መቃብሮቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተዋል። ከእነዚህ የአንዱ ባለቤት ሟቹ እንዳይቆፈርበት ብሎ ቢላ ቢያነሣ አያስገርምም ስትል አሰበች።

*

አዋላጇን ከደጅ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አነጋገረቻት።

«ቅድመ አያቴ ገበሬ ነበር» አለች አዋላጇ፣ ማስታወሻ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ። «በእሱ ጊዜ የሚቀርበው ቤተ ክርስቲያን ከወንዙ ማዶ ነው። አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ የእናቱን ሬሳ ሦስት ቀን ዳር ላይ አስቀምጠው ጠበቁ። በአራተኛው ቀን ውሃው ጎደለና ተሻግረው ቀበሩ። ሲመለስ በሬዎቹን ፈትቶ፣ ‹ከእንግዲህ ይህን ኮረብታ አላርስም፣ ቤተ ክርስቲያን ይሠራበት› አለ ይላል መዝገቡ። የገብስ ማሳው ነበር። ካለው መሬት ሁሉ ደህናው።»

«ከዚያስ?»

«አሥራ ሁለት አባወራ ሆነው ጀመሩት። ስማቸው በተርታ ተጽፏል፤ የመጀመሪያው የእሱ ነው። የባለወፍጮው አያት አራተኛ ነው። እዚህ ሁሉም መሥራቹ የባለወፍጮው አያት ነው ሲል ነው የኖረው። ትላንት ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ሰውዬው በርበሬ መሰለ።»

«ትላንት ማን ማን ነበር?»

«እሱና አባ ቁልፉ። ቄሱ ከተማ ነበሩ። ባለወፍጮው በሩን በርግዶ ወጣ። ሽማግሌው ግን እስክጨርስ ቁጭ ብለው ሰሙኝ፤ ውሃም አመጡልኝ።»

«የፈለጉትንስ አገኙ?»

አዋላጇ ማስታወሻ ደብተሯን ገጠመችው። «ግማሹን። አያቴ የዚህ ገበሬ ልጅ ነኝ ትል ነበር። ዘመዶቻችን ግን ‹ከመንገድ የተነሣች ናት› እያሉ ሲሸረድዷት አደጉ። እስክትሞት ድረስ ይህን ሰምታለች። ዝርዝሩ አባወራ ብቻ ነው የያዘው፤ ሴት ልጅ ማን ይጽፋል? ምናልባት ቀጥሎ ይኖር ይሆናል ብዬ ነበር። ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ወሰዱብኝ።»

*

ከኢንስፔክተሯ ጋር የመጣው ሳጅን ጡረታው የደረሰ፣ ወፍራም፣ ጉዳይን ከምሳ በፊት መዝጋት የሚወድ ሰው ነው። የዕቃ ቤቱ መቀርቀሪያ ላይ ነጭ ብናኝ አግኝቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠራት።

«ዱቄት ነው፣ ኢንስፔክተር። ወፍጮ ቤቱ የማን እንደሆነ ልንገርዎ?»

«ቅመሰው።»

«እንዴ፣ ማስረጃ እኮ ነው።»

«ትንሽ ብቻ ቅመስ። ለፍርድ ቤት የሚበቃ ይተርፋል።»

ሳጅኑ ጣቱን ወደ ምላሱ አስጠግቶ ፊቱን አኮሳተረና ተፋ። ቀና ሲል የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ለበዓሉ እስከ ግማሹ ኖራ ተቀብቶ አየ።

«ኖራ ነው» አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ።»

ቢላውን ማግኘት ግን ቀላል ነበር። የሻማ ክር መቁረጫው እዚያው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ስለቱ ሰም በሰም ነው። የገባው ሰው ስለት ይዞ አልመጣም ማለት ነው፤ የቱ የት እንዳለ ያውቃል። ቁልፍም አልተሰበረም። አንዱ ቁልፍ ከቄሱ ኪስ አልወጣም። እሳቸው ሁለት ቀን ከተማ አድረው በጠዋቱ አውቶቡስ ነው የተመለሱት፤ የአውቶቡሱ ረዳት አብሯቸው ወርዶ ሻንጣቸውን እስከ በር አድርሷል። ሁለተኛው የአባ ቁልፉ ነው።

«ከአንገቴ አይለይም» አሉ ሽማግሌው፣ ቃላቸውን ሲሰጡ። «ማለዳ ደወል ስደውል ብቻ ያውከኛልና ከበሩ ኋላ እሰቅለዋለሁ። መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል።»

«ደወሉን ስንት ሰዓት ደወሉ?»

«ጎህ ሲቀድ። ከዚያ መጥረጊያዬን ይዤ ግቢውን ጠረግሁ።»

ኢንስፔክተሯ የጻፈችውን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገች። ሽማግሌው ኪሳቸውን ዳበሱ።

«መነጽሬን ቤት ረሳሁት። አንቺው አንብቢልኝ፣ ልጄ።»

አነበበችላቸው። መሐል ላይ እጃቸውን አነሡ። «‹መጥረጊያዬን ይዤ› ነው ያልኩት። አንቺ ‹መጥረጊያ ይዤ› አልሽ።»

ሳጅኑ ሳቀ። ኢንስፔክተሯም ፈገግ ብላ አስተካከለችው። ሽማግሌው ስማቸው በሚገባበት ቦታ ላይ አንድ ክብና ሁለት ጭረት አድርገው ፈረሙ።

*

የወፍጮው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ባለወፍጮው ሲያያቸው ሞተሩን አጥፍቶ እጁን በሱሪው ጠረገ።

«መምጣታችሁ አልቀረም። እኔም ብሆን እኔን እጠረጥር ነበር።»

«ጎህ ሲቀድ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። የሞተሩ ቺንጋ ተበጥሶብኝ ስጠግን። አሥር ሴት ደጄ ተሰልፋ ስትረግመኝ ነበር፤ ጠይቋቸው።»

ሳጅኑ ጠየቀ። ከረጢቷ ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴት፣ «እውነቱን ነው» አለች። «የመጀመሪያዋ ረጋሚ እኔ ነኝ። እስካሁንም አላቆምኩም።»

«ትላንት ግን ተቆጥተው ወጥተዋል» አለች ኢንስፔክተሯ።

«አዎ ተቆጣሁ። አርባ ዓመት ሙሉ ‹የመሥራቹ የልጅ ልጅ› ተብዬ በስተርጅና ከአንደኛ ወደ አራተኛ ስወርድ ልጨፍርልሽ ነው?» ተናግሮ ሲጨርስ ‹አንቺ› ማለቱ ታወቀው። «ይቅርታ። እንዲያው ንዴት ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሌባው እኔ ብሆን የቱን ነው የምቆርጠው? አሥራ ሁለቱን። ያዋረደኝ እሱ ነው። እሱ ደግሞ ማንም ሳይነካው እዚያው ቁጭ ብሏል። ያልተነበበ ገጽ ሰርቄ ምን ላደርገው? ወፍጮዬ ሥር ላነጥፈው?»

ሲመለሱ ሳጅኑ ባለወፍጮው ሰው አዝዞ ይሆናል እያለ መንገዱን ሙሉ ለፈለፈ። ኢንስፔክተሯ ግን የሰውዬው ጥያቄ እንደ ጠጠር ጫማዋ ውስጥ ገብቶባታል። ያን ገጽ አንብቦ የሚፈራው ሰው የለም፤ ማንም አላነበበውምና። የሚፈራው ገጽ ደግሞ አልተነካም።

መንገዱ ላይ ካለው ድልድይ ሲደርሱ ቆመች።

«ምን ሆኑ?» አለ ሳጅኑ።

«አዋላጇን ጥራልኝ። መዝገቡ ጋ እንድትመጣ።»

*

«ትላንት ሲጨርሱ ያደረጉትን አሁን ያድርጉልኝ» አለቻት።

አዋላጇ ግር እያላት ያገለገለ የአውቶቡስ ቲኬት ከቦርሳዋ አወጣች። ትላንት ያደረገችው ይህንኑ ነበር፤ ጠዋት መሬት ላይ ወድቆ አግኝታዋለች። መዝገቡን ገለጠች። በግራ አሥራ ሁለቱ አባወራዎች፤ በቀኝ ቁራጯ ብቻ። ቲኬቱን በቀኝ በኩል አስተኛችው።

«ለምን በቀኝ?»

«ነገ የምጀምረው እሱን ነዋ። ምልክት የማደርገው ሁልጊዜ በሚቀጥለው ላይ ነው። ካለበለዚያ ያነበብኩትን ደግሜ አነባለሁ።»

«ያ ገጽ ምን ይመስል እንደነበር አላዩም?»

«በጨረፍታ። እንደዚህኛው የስም ተርታ ይመስላል፣ ከሥሩ ደግሞ ጽሑፍ አለ። ደክሞኝ ስለነበር ዘጋሁት።»

ኢንስፔክተሯ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ ቆመች። «አንድ ሰው ትላንት ያነበቡትን ዝርዝር ሊሰርቅ መጣ እንበል። መዝገቡን ከፈተ። ግራና ቀኝ የስም ተርታ አየ። ምልክቱ የተኛው በቀኙ ላይ ነው።»

«ቢሆንስ? አይሳሳትም። ግራው ላይ ‹አሥራ ሁለቱ አባወራዎች› ተብሎ በቀይ ቀለም፣ ጣት በሚያህል ፊደል ተጽፏል። ዓይን ያለው ሁሉ…» አዋላጇ አቋረጠች።

«ዓይንማ አላቸው» አለች ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ። «ፊደል ነው ያልቆጠሩት።»

በሩ ላይ የቆሙት ቄስ መቋሚያ የፈለጉ ይመስል መቃኑን ያዙ። «አይሆንም» አሉ። «የቅዳሴውን ንባብ ሁሉ እኮ ከእኔ በላይ ይችሉታል። መጽሐፉን ይዘው…» ስድስት ዓመት ሙሉ ሽማግሌው መጽሐፉን ይዘው ሲያነቡ፣ ዓይናቸው ከገጹ ይልቅ ደጅ ደጁን ሲያይ ያስተዋሉት አሁን ትዝ አላቸው።

*

አባ ቁልፉ ከቅጥሩ ጥግ፣ አንድ አዲስ መቃብር ላይ ጎንበስ ብለው አረም ይነቅላሉ። ኢንስፔክተሯ ብቻዋን ሄዳ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። እሷም የገበሬ ልጅ ናትና እጇ ሳታዝዘው አንድ አረም ነቀለች።

«አባባ፣ አሥራ ሁለቱ ስሞች አሉ።»

የሽማግሌው እጅ ቆመ።

«የት አሉ?»

«መዝገቡ ውስጥ። ማንም አልነካቸውም።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው መሬቱ ላይ ተቀመጡ።

«ታዲያ እኔ ምን ቆረጥኩ?» አሉ።

ሽማግሌው ከነቀሉት አረም ላይ አፈሩን በጣታቸው አራገፉ።

«እሷ ነበረች የምታነብልኝ» አሉ በመጨረሻ፣ በአገጫቸው መቃብሩን እያመለከቱ። «ያገባኋት ቀን ነው የነገርኳት። ‹ማንም አያውቅብህም› አለችኝ፤ አላወቀብኝምም። የሚነበበውን ሁሉ ቀደም ብላ ታነብልኛለች። አንዴ ከሰማሁ አይጠፋኝም። እሷ ከሞተች ወዲህ አዲስ ነገር አንብቤ አላውቅም፤ የድሮውን ነው የማዞረው። ማን ያስተውላል?»

«ትላንትስ?»

«ትላንት ያቺ ሴትዮ ስሞቹን ስትጠራ በጣቴ እቆጥር ነበር። አባቴ ‹አያትህ ይህን ቤት ከሠሩት ነው› ብሎኛል። ይህን ቃል ይዤ ነው ባለቤቴን እዚህ ያሳረፍኳት። አሥር አለች፣ አሥራ አንድ አለች፣ አሥራ ሁለት ብላ ዘጋች። የአያቴ ስም የለም። እንግዲህ ኮሚቴው ያየዋል፣ ከዚያ አካፋ ይዘው ይመጣሉ። ሌላ ሌላውን እችለዋለሁ። አካፋውን ግን እንዴት ቆሜ ልይ? ገና ስምንት ወሯ ነው እኮ፣ ልጄ።»

«ወረቀቱን አቃጠሉት?»

ሽማግሌው ቅር ተሰኙ። «የቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ? በእኔ እጅ?»

ከኮታቸው ውስጥ በአንዲት የሴት የራስ መሸፈኛ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ሰጧት። ኢንስፔክተሯ ፈታችው። መጀመሪያ በልቧ አነበበችው። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና እንደገና አደረገችው።

«ላንብብልዎ?»

«ምን ምርጫ አለኝ?»

«‹ድንጋዩን ከወንዝ ማዶ የተሸከሙት እነዚህ ሰባቱ ናቸው›» ብላ ጀመረች። ስማቸውን በተራ ጠራች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ሽማግሌው ክንዷን ያዙ።

«እንደገና።»

ደገመችላቸው። የአያታቸው ስም ከነአባቱ ነው። ሽማግሌው ክንዷን አልለቀቁም፤ እንደተያዘች ቀጠለች።

«‹መሬት የላቸውምና ከአባወራዎቹ አልተቆጠሩም። ነገር ግን ክረምቱ ሲገባ ግድግዳው ሳያልቅ አንሄድም ብለው ከእኛ ጋር ከረሙ። ስለዚህ እኔ ባለማሳው፣ እነርሱም ቤተሰቦቻቸውም የልጅ ልጆቻቸውም ከእኛ እኩል በቅጥሩ ውስጥ ይረፉ ብዬ በጉባኤ ፊት ተናገርሁ፤ ማንም እንዳያነሣቸው። ድንጋይ ሲሸከሙ ውሃ ያቀረበችላቸው ከአብራኬ የወጣች ታናሿ ልጄ ናት።›» የልጅቷም ስም ተጽፏል።

ነፋሱ ወረቀቱን ከእጇ ሊወስደው ሲል ሁለቱም ባንድ ጊዜ ያዙት።

«ይህን ነው የቆረጥኩት» አሉ አባ ቁልፉ።

«ይህን ነው።»

*

ሳጅኑ ሪፖርቱን ለመጻፍ ብዕሩን ይዞ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ተቀመጠ። «ታዲያ ምን ብዬ ልጻፈው? መዝገብ ማበላሸት ወንጀል ነው።»

«የሆነውን ጻፍ። ጥፋቱንም ወረቀቱን መመለሳቸውንም» አለች ኢንስፔክተሯ። «አመልካቹ አባታችን ናቸው። ክሱ ይቀጥል ካሉ ይቀጥላል።»

ቄሱ ሽማግሌውን አዩ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን መዝገብ ታቅፌ ሳላነበው የተቀመጥኩ እኔ ነኝ። ክስ ካለ ከእኔ ይጀመር። የለም፣ ልጄ፤ አመልካች የለም።»

አዋላጇ ወረቀቱን ከመስኮቱ ብርሃን አስጠግታ ስታነብ ቆይታለች። የአያቷ ስም ያለበት መስመር ላይ ስትደርስ ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች።

ባለወፍጮው በሩን ሞልቶ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል፤ ስለ ፊደሉም፣ ስለ መቃብሩም።

«እነዚህ ሰባቱ» አለ፣ «ድንጋዩ ላይ ከአሥራ ሁለቱ ሥር ነው የሚቀረጹት ወይስ ጎን ለጎን? ለጠራቢው ልንገረው ብዬ ነው።»

«አንተ ምን ትላለህ?» አሉ ቄሱ።

«ተሸካሚ ሥር ሲሆን አያምርም። ጎን ይሁን።» ቆየት ብሎ፣ ማንንም ሳያይ፣ «አካፋውንም ተዉት» አለና ወጣ።

አዋላጇ ዓይኗን ጠርጋ ዞረች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አንጥፋ ለአባ ቁልፉ ወንበር ሳበችላቸው። ሽማግሌው ግን አልተቀመጡም። ሰው ሁሉ ስለሚያያቸው ይሁን ወይም ስለለመዱት፣ እጃቸው እንደገና ወደ ኪሳቸው ሄደ፤ መነጽር ሊፈልግ። ከዚያ ተዉት።

«የቱ ነው?» አሉ።

«ምኑ፣ አባባ?»

«የአያቴ ስም።»

አዋላጇ ሌባ ጣታቸውን ይዛ ሦስተኛው መስመር ላይ አሳረፈችላቸው። ሽማግሌው አፋቸውን ገጥመው ጎንበስ አሉ። ጣታቸውን ትንሽ ወደ ጎን አደረጉና ከሥሩ ያለውን አዩ፤ መለሱት።

«ይህች ብቻ?»

«ይህች ብቻ ናት።»

«ያን ሁሉ ድንጋይ ተሸክሞ» አሉ አባ ቁልፉ፣ «ከጉንዳን አትበልጥም።»

ጣታቸውን ግን አላነሡም።